ዶሪስ የጎረቤት ውሻ ከመሆኗ በፊት

ለተከበሩ ወይዘሮ ቶርቦርግ ኤክማን
የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ
ጌቭሌ

ጉዳዩ፦ ውሻ ይዞ ወደ ሥራ ስለመግባት፣ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ፤ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በመስኮትዎ ላይ የደረደሯቸው አበቦችም በሙሉ ጤና እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ በካሳ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩት ያልማር ሰንዴል፣ ከቅናት በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም። በአገራችን አለቃን አንቱ ማለት ከስድብ እንደሚቆጠርና ሁላችንም እርስዎን «አንቺ ቶርቦርግ» እያልን እንደምንጠራዎ አልዘነጋሁም፤ ሆኖም ይህን ደብዳቤ የምለጥፈው ሁሉም ሰው ወተት በሚያወጣበት የቢሯችን ማቀዝቀዣ በር ላይ ስለሆነ፣ ያጠራቀምኩትን አክብሮት በሙሉ ዛሬ አውጥቼ መጨረስ መርጫለሁ።

አንደኛ፣ የውሻን ጉዳይ የሚያጠና ኮሚቴ ከሁለት ዓመት በፊት ስላቋቋሙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኮሚቴው አሥር ጊዜ ተሰብስቧል፤ በአሥሩም ጊዜ የቀረፋ ዳቦ ተበልቷል፤ በአሥሩም ጊዜ እያንዳንዳችን በየተራ ምን እንደሚሰማን ተጠይቀናል። አራተኛው ስብሰባ ድመት ያላቸው ባልደረቦች ቅር ይላቸው እንደሆነ ሲመረምር ዋለ፤ ስድስተኛው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ያለቀው የሰባተኛው ስብሰባ አጀንዳ ምን ይሁን በሚለው ላይ ነው። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላሉ፤ የእኛው ግን ማንንም ላለማስደንገጥ ሲባል እንቦጭ እንኳ ሳይል ቀርቷል።

ሁለተኛ፣ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚሠሩት የቤት ንድፍ አውጪዎች ሦስት ውሾች አሏቸው። ይህን የምጠቅሰው ለመረጃ ያህል እንጂ ቀንቼ አይደለም ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ቀንቼ ነው። በየጠዋቱ አሳንሰር ውስጥ አንዱ ጫማዬን ያሸታል፣ ሌላው ጉልበቴ ላይ ይደገፋል፣ ባለቤቶቻቸውም እንቅልፍ የጠገቡ ሰዎች ሆነው ቆመው ፈገግ ይላሉ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ሴት ሱሪዬ ላይ የተጣበቀውን የውሻ ፀጉር አይታ፣ «ውይ፣ አንተም አለችህ እንዴ? ታዲያ ማን ጋ ትተሃት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የእኔ ፎቅ ሳይደርስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወርጄ ቀሪውን በእግሬ ወጣሁ።

ማን ጋ እንደምተዋት መናገር ስላለብኝ ወደ ሦስተኛው ልለፍ። እርስዎ እንደሚያውቁት ሕጋችን ውሻን በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ ሳያናፍሱ ማቆየትን ይከለክላል፤ እርስዎ ደግሞ ስምንት ሰዓት እንድቀመጥ ይፈልጋሉ፤ አውቶቡሱም የራሱን ይጨምራል። በዚህም ምክንያት ልጄ ወደ ማልሞ ከሄደች ወዲህ ቤቴ ውስጥ የቀረችኝን ብቸኛ ነፍስ፣ ዶሪስን፣ በየጠዋቱ ከፊት ለፊቴ በር ለሚኖረው ለቬርነር አስረክባታለሁ። ቬርነር ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነው። ጊዜ አለው፣ ሰፊ ሶፋ አለው፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ የጉበት ቅባትም አለው። አንድ ቀን ቦርሳዬን ረስቼ ስመለስ በበሩ በኩል የሚላትን በጆሮዬ ሰማሁ፦ «ነይ እስቲ የኔ እመቤት፣ ያን ሰውዬ ቢሮው በልቶታል፤ እኛ ደግሞ የኛን እንብላ።»

ክቡርነትዎ ማስረጃ ይወዳሉና ማስረጃ ላቅርብ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አመሻሽ ላይ ልወስዳት ስመጣ ጭራዋ ግድግዳውን ይመታ ነበር። ከገና በኋላ ጭራው ቀረና አንድ ጆሮዋን ብቻ ታነሳልኝ ጀመር። አሁን ቅዳሜና እሁድ፣ የእኔ በሆኑት ሁለት ቀናት፣ ከቤቴ በር ሥር ተቀምጣ ፊቷን ወደ ቬርነር በር አዙራ ትውላለች። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የእኔዋ የምትጮኸው እኔ ስመጣ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል ድሮ እስቅ ነበር።

አራተኛውን ቅሬታ ለማቅረብ ራሴን መክሰስ ግድ ይሆንብኛል። ኮሚቴው መጀመሪያ ባደረገው የሙከራ ቀን የደመወዝ ክፍሏ ሶልቬይ ውሻዋን ይዛ መጣች። ያ ቀን የእኔ አምሳኛ ልደት ነበር፤ ባለሦስት ድርብ የክሬም ኬክ ከቤቴ ተሸክሜ አምጥቼ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠራተኛው በሙሉ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ የውሻውን ሆድ ሲያክ፣ ከኬኩ የተቆረሰው አንድ ቁራጭ ብቻ ነበር፤ እሱም የእኔው ነበር። በማግስቱ ስም የማይጻፍበት መጠይቅ ሲመጣ «አለርጂ አለብኝ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ፤ በዚያች አንድ ምልክት ምክንያትም ውሻ ማምጣት ታገደ። አለርጂ የለብኝም። የነበረብኝ ቅናት ነው፤ ለእሱ ደግሞ በመጠይቁ ላይ ሳጥን አልተዘጋጀም።

ዶሪስን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጉድጓድ ስትቆፍር አርቀህ አትቆፍር፣ የሚገባበት አይታወቅምና የሚለውን የተረዳሁትም ያኔ ነው። ባለፈው መስከረም ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ያን ምልክት ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ይሰርዙልኝ ብዬ ስለምንዎ ትከሻዬን በእናትነት መታ መታ አድርገው፣ «ያልማርዬ፣ ይሄን እኮ ማወቅ አንችልም፤ ስም የለውም። አንተ ነህ ብለን ካመንን የሰውየውን መብት ጣስን ማለት ነው» አሉኝ። ሰውየው እኔ ነኝ ብልዎ፣ «እሱንማ ማንም መጥቶ ሊል ይችላል» አሉኝ። ከዚያም ለዚያ ለማይታወቀው ሰው ሲባል አየር የሚያጣራ መሣሪያ ተገዝቶ ኮሪደሩ ላይ ተተከለ፤ እኔ ደግሞ በሰውየው ላይ ጫና ልፈጥር ሞክሬያለሁ ተብሎ ስለ ባልደረባ አክብሮት ወደሚሰጥ የግማሽ ቀን ሥልጠና ተላክሁ። መብቴን ከእኔ ከራሴ በዚህ ዓይነት ጥንካሬ የጠበቀልኝ አለቃ ገጥሞኝ አያውቅምና በዚህ አጋጣሚ እጅ እነሳለሁ።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሳው ጊዜ ስላለቀብኝ ነው። ቬርነር በሚመጣው ቅዳሜ እቃውን ጭኖ ሶደርሃምን በሚባል ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ወዳለው የእህቱ ቤት ይገባል። ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ አቆመኝና ባርኔጣውን እያሻሸ፣ «ያልማር፣ እንዳትቀየመኝ። ብወስዳትስ? አንተ እኮ የለህም» አለኝ። በደግነት ነው ያለው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ፤ እጠላውና እገላገል ነበር።

እሁድ ዕለት ሁለታችንም በራችንን ከፍተን ቆምን። ዶሪስ በሁለቱ በሮች መካከል፣ ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ተኛች። «ጥራት እንጂ፣ ያንተ አይደለችም እንዴ?» አለኝ ቬርነር። አልጠራኋትም። ባትመጣስ ብዬ ፈራሁ። አምሳ ሁለት ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ፤ የገዛ ውሻዬን ስም መጥራት ፈርቼ በሬን ዘጋሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው ከጠረጴዛዬ ሥር አንዲት ውሻ የምትጋደምበት ቦታ ከአርብ በፊት እንዲፈቀድልኝ ብቻ ነው። አትጮኽም፤ እኔ ስመጣ ካልሆነ በቀር፣ እኔ ደግሞ እዚያው ነኝ። ሶልቬይም የራሷን ታምጣ፤ ሆዱን ከሚያኩት መካከል የመጀመሪያው እንደምሆን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ለትዕግሥትዎ የሚሰግድ፣ የቀረፋ ዳቦዎን ውለታ የማይረሳ፣ በማይታወቀው ባልደረባው ፊት ቀርቦ ራሱን ይቅርታ ለመጠየቅ ቀጠሮ የሚጠብቅ፣

ያልማር ሰንዴል
ካሳ ክፍል፣ ከአየር ማጣሪያው አጠገብ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ በተለጠፈ በሁለተኛው ቀን በእጅዎ የጻፉትን ደግ መልስ እዚያው በር ላይ አገኘሁት። ጉዳዩ የብዙዎችን ስሜት የሚነካ በመሆኑና ሰዉም ለሞቃቱ ወራት ዕረፍት መበተን ስለጀመረ፣ ሁሉም ተሟልቶ እስኪገኝ ወደ ነሐሴ መጨረሻ ተላልፏል ብለውኛል፤ ከስምዎ አጠገብ የሳሉልኝን ትንሽ ልብም አይቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አርብ አመሻሽ ላይ ዶሪስን ጠራኋት። መጣች፤ እጄን ላሰችኝ፤ ከዚያ ተመልሳ ቬርነር እግር ሥር ተኛች። ቅዳሜ ጠዋት መኝታዋን ራሴ ተሸክሜ መኪናው ላይ ጫንኩላት። እንግዲህ ከዛሬ ሰኞ ጀምሮ ለማንም ባልደረባ ስጋት የማልሆን ሠራተኛ አግኝተዋልና እንኳን ደስ ያለዎት፤ ወደ ቤት የሚያስቸኩለኝም ስለሌለ፣ ከስምንቱ ሰዓት በተረፈውም ጊዜ ሁሉ የእርስዎ ነኝ።