ስለ ዴያኒራ ግማሽ ሰዓት እና ስለ ልግስናዎ

ለክቡር ዶክተር ኤቤርቶ ሳንክሌሜንቴ
የጥሪ ማዕከላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቦጎታ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት ጤንነትዎ የተሟላ፣ ቁርስዎ የተስማማዎት፣ ለእኛ ሁልጊዜ የሚበላሸው ሊፍትም ለእርስዎ እንደ ልማዱ የሚታዘዝ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ለክብርት ባለቤትዎና ለልጆችዎ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ደብዳቤውን በእጅዎ በማስቀመጥ ፈንታ አምስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ በር አጠገብ የለጠፍኩት አክብሮት ጎድሎኝ አይደለም። «በዚህ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም፣ ሁላችንም ቤተሰብ ነን» የሚለውን የዓመት በዓል ንግግርዎን ስለማልረሳ ነው። መንገደኛ እንግዳ ቢያነበው እንዳይቸገር እርስዎ አሳምረው የሚያውቁትን ነገር ጭምር አብራርቼ በመጻፌም ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ከማዕረግዎ ልጀምር። ሕክምና እንዳላጠኑ፣ የዶክትሬት ዲግሪም እንደሌለዎት ሁላችንም እናውቃለን፤ በከተማችን ግን ጠረጴዛው ሰፋ ያለ ሰው ሁሉ ዶክተር ነውና፣ የእርስዎን ጠረጴዛ ያየ ሰው ማዕረጉ አንሶብዎታል ቢል አልፈርድበትም።

ቀጥሎ ምስጋናዬን ላቅርብ። ሥራችን ስልክ ማንሳት ነው። የሚደውሉልን በአሜሪካ ትልልቅ መጋዘኖች ዕቃ የሚጭኑና የሚያሽጉ ሰዎች ናቸው፤ አለቃ ሲበድላቸው፣ ፈቃድ ሲከለከሉ፣ ያለ አግባብ ሲባረሩ ይደውላሉ። መብታቸው ምን እንደሆነ፣ ለማን አቤት እንደሚሉ ቦጎታ ላይ ተቀምጠን በእንግሊዝኛ የምንነግራቸው እኛ ነን። ችግሩ ልማዳችን ነበር። ቦጎታ ውስጥ ሰው ከሰው ነገር ሲፈልግ «ስጠኝ» አይልም፣ ብልግና ይሆንበታል፤ «ይለግሱኝ» ይላል። እስክሪብቶ ይለግሱኝ፣ ፊርማዎን ይለግሱኝ፣ ዋጋውን ቆጥረን ለምንገዛው ዳቦ እንኳ ባለሱቁን ይለግሱኝ እንለዋለን። ይህንኑ ትሕትናችንን ተሸክመን ወደ እንግሊዝኛ ገባን። ኦሃዮ ያለች ምስኪን ሠራተኛ ችግሯን ልትናገር ደውላ «የሠራተኛ መለያ ቁጥርዎን ይለግሱኝ» ስትባል፣ አጭበርባሪ እጅ የገባች መስሏት ስልኩን ትዘጋው ነበር።

እርስዎም ነገሩን ተረድተው ስፓኒሽ ለሚናገሩ ሠራተኞችዎ ስለ ሥራ ሕግና ስለ ሠራተኛ መብት የላቀ የእንግሊዝኛ ኮርስ ከፈቱልን። መምህር አሪሳን ቀጠሩልን። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ግን ራስዎ፣ ማያሚ በተማሩት እንግሊዝኛ፣ ሰጡን። ሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፈው ሦስቴ አስደገሙን፦ «መብት አይለመንም፤ ይነገራል።» በዚያ ክፍል፣ ከበሩ ጀምሮ፣ በየትኛውም ቋንቋ «ይለግሱኝ» ሲል የተገኘ ሰው ለሁላችንም አልሞሃባና የምንለውን የአይብ ዳቦ እንዲገዛ ደነገጉ። የእኔ ምላስ ለመታረም ስላስቸገረ ክፍሉ በእኔ ወጪ ጠግቦ ከርሟል።

ቃላቱን እንደ ጸሎት ሸመደድናቸው። ያለ አግባብ ስንብት፤ አድልዎ፤ ለሠራተኛው ሁኔታ የሚደረግ ማመቻቸት፤ አቤቱታ ባቀረበ ሠራተኛ ላይ የሚወሰድ የበቀል ርምጃ። መምህር አሪሳ እያንዳንዱን ቃል በገዛ ሕይወታችን ምሳሌ እንድናስረዳ ሲጠይቁን ግን ሁላችንም ስለ ኦሃዮ እናወራ ነበር። ስለ አምስተኛ ፎቅ ምሳሌ የሚሰጥ አልነበረም። እንግዲህ ያን ያልሠራነውን የቤት ሥራ፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ እነሆ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ዴያኒራ ቶቫር ከወለደች በኋላ ወደ ሥራ ተመለሰች። ልጇ አንቶንያ ቦሳ ሰፈር አያቷ ጋ ትውላለች። የአገራችን ሕግ ለምታጠባ እናት በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንደሚሰጥ ለእርስዎ ማስታወስ ድፍረት ይሆንብኛል። ቦሳ ደርሶ መመለስ በግማሽ ሰዓት ስለማይሞከር ዴያኒራ የፈለገችው ወተቷን አልባ ማታ ይዛ ለመሄድ ብቻ ነበር። እንደ ጨዋ የቦጎታ ልጅም ተቆጣጣሪያችንን ፋቢዮን በየቀኑ «በጣም አፍራለሁ፣ ግማሽ ሰዓቷን ይለግሱኝ» ትለው ነበር። ፋቢዮ አንዳንድ ቀን ይለግሳል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ስልክ በዝቷል፣ ለነገ ይሁንልሽ ይላል፤ ጡት ለነገ እንደማይቀጥር ማንም አልነገረውም መሰለኝ።

ከነዚያ የነገ ቀናት ባንዱ ዴያኒራ ከኦሃዮ የደወለች አራስ አነጋገረች። ሴትዮዋ መጋዘኑ ውስጥ ጡቷን የምታልብበት ጊዜ ተከልክላ ታለቅሳለች። ዴያኒራ ረጋ ብላ፣ ጊዜውን እንዲሰጧት ሕጉ እንደሚያስገድዳቸው፣ ቦታውም የሚዘጋ በር ያለው፣ መጸዳጃ ቤት ያልሆነ መሆን እንዳለበት አስረዳቻት። አለቃሽን አትለምኚ፣ ንገሪው አለቻት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ያን ሁሉ ስትናገር የራሷ ወተት ሸሚዟን አርሶ ሹራቧ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ንቅንቅ አላለም። ስልኩን ስትዘጋ ሻርፔን አውልቄ ደረቷ ላይ ጣል አደረግሁላት። እዚህ ላይ ክቡር ሆይ፣ ለአፍታ ትሕትናዬን አስቀምጬ ልናገር፤ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ትሕትናዬን አሁን መልሼ አንስቼዋለሁ፤ እንቀጥል።

ሁለተኛ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ዴያኒራ ከወንበሯ ተነሣችና ፋቢዮን በገዛ ቋንቋችን «ጡቴን ላልብ መውጣቴ ነው፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ፈገግታዋም እንደ ወትሮው ነበር። የጎደለው ያ ቃል ብቻ ነው። ምስኪኑ ፋቢዮ ግን በጥፊ የተመታ ይመስል ቆሞ ቀረ፤ በዕድሜው ሙሉ «ይለግሱኝ» ያላለው የቦጎታ ሰው ገጥሞት አያውቅምና አልፈርድበትም። ከዚያ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወደ እርስዎ ወጣ።

ሦስተኛ። አስጠሯት። ምስክር ሁኚኝ ብላኝ አብሬያት ገባሁ። ወንበር ሰጡን፣ ውኃ አስቀዱልን፣ የልጇን ስም ጠየቁ፤ መስተንግዶዎን መቼም አልረሳውም። ከዚያም እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ግማሽ ሰዓት ማን ከለከለሽ? እንደ ሰው ብትጠይቂኝ አንድ ሰዓት እለግስሽ ነበር። እንዲህ በትእዛዝ ግን አይሆንም። እኛ ቤተሰብ ነን።»

እስከ ዓርብ ድረስ ፋቢዮን ይቅርታ ጠይቃ፣ ግማሽ ሰዓቱን በወጉና በቃሉ እንድትለምን፣ ካልሆነ ግን ጠባይዋ የሚስማማበት ሌላ ቤት እንድትፈልግ ነገሯት። መምህር ሆነው የደመሰሱብንን ቃል አባት ሆነው ሲመልሱልን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ስንወጣ ፎቁ በሙሉ መካሪ ሆነ። አንድ ቃል ምን ይጎዳሻል፣ በይውና ወተትሽን ይዘሽ ግቢ ተባለች። እኔም ብያታለሁ፤ ልጅ ያላት ሴት ሥራ አጥታ ምን ልትሆን ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ዴያኒራ ሁላችንንም አዳመጠችና «ከለገሰኝ፣ ያልፈለገ ቀን ይተወዋል። አንቶንያ ግን የምትጠጣው በየቀኑ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ የመከራት ሰው የለም።

ቀነ ገደቡን ስትጠባበቅም እንክብካቤዎ አልተለያትም። ወንበሯ ወደ መጸዳጃ ቤቱ በር ተዛወረ። ፋቢዮ ሲለግሳት ታልብበት የነበረው የመጀመሪያ ርዳታ ክፍል ቁልፍ በድንገት ጠፋ። ዴያኒራም ኦሃዮ ላይ ክልክል ነው እያለች በምታስተምረው ቦታ፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ቆማ ስታልብ ሰነበተች፤ ወተቷም እየቀነሰ ሄደ። ይህን አሠራር የሚጠራውን ቃል ከመምህር አሪሳ ተምረነዋል፤ ከላይ ከዘረዘርኳቸው ቃላት የመጨረሻውን ቢመለከቱ ያገኙታል።

አራተኛው ነጥብ ቅሬታ ሳይሆን የደስታ መግለጫ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው። ረፋድ ላይ ቢሮዎን ከፍተው፣ ፋቢዮን ከጎንዎ አቁመው ሲጠብቁ እንደነበር አውቃለሁ። ዴያኒራ ተነሣች፤ ወደ እርስዎ ግን አልመጣችም። ወደ ኮርሱ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ሰሌዳው ላይ የጻፉትን እስከ ዛሬ ማንም ስላላጠፋው ከእርስዎ ዓረፍተ ነገር ሥር ተቀምጣ ጡቷን ማለብ ጀመረች። እኛም የጆሮ ማዳመጫችንን አውልቀን በሩ ላይ ቆምን። ስልኮቹ ጮኹ፤ ኦሃዮ ትንሽ ጠበቀች።

ከዚያ እርስዎ መጡ። ቁጣዎን በጨዋነትዎ ሸፍነው፣ ክራቫትዎን አስተካክለው፣ ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ አያትዎ እንኳ በማይበልጡት ትሕትና እንዲህ አሉን፦

«እባካችሁ ልጆቼ፣ መንገድ ለግሱኝ።»

የለገሰዎት አልነበረም። እኔ ግማሽ ሰዓት እንደሚቆይ አሳወቅሁዎ። እርስዎም ግማሽ ሰዓቱን በሙሉ፣ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ቆመው ጠበቁ። በዚህ ቤት ለዴያኒራ ግማሽ ሰዓት ሳትለምን የሰጣት የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ስለሆኑ ከልብ አመሰግናለሁ። በሩ ሲከፈት ዴያኒራ ሞልቶ የተከደነ ጠርሙሷን ይዛ በመሀላችን አለፈች፤ እርስዎም ሰኞ ስለ እሷም ስለ እኔም ጠባይ እንደምንነጋገር ነግረውን ሄዱ።

ለሰኞው ውይይት እንዲመችዎ አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳውቅ። እርስዎም ለካ ያችን ቃል በጣም ይወዷታል። ከፈረቃ በፊት ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡልኝ፣ ለግሱኝ፤ ቅዳሜያችሁን ለግሱኝ፤ ምሳችሁን ቶሎ ጨርሳችሁ የቀረውን ሰዓት ለግሱኝ ሲሉን ስንት ዓመታችን ነው፣ እኛም ስንለግስ ኖረናል። ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ተሰብስበን መከርንና ልግስናችን ማለቁን ደረስንበት። ከሰኞ ጀምሮ የምንገባው ሰዓቱ ሲደርስ ነው፤ ምሳችንን አኝከን እንበላለን፤ ቅዳሜ ቤታችን ነን። ዴያኒራም በየቀኑ፣ ሁለት ጊዜ፣ ኮርሱ ክፍል ውስጥ ትገኛለች። ይህን የምንለው ፈቃድ ልንጠይቅ አይደለም፤ ሰሌዳዎ ላይ እንደተጻፈው ልንነግርዎ ነው። ዴያኒራን ወይም እኔን ሰኞ ካሰናበቱ ደግሞ የቀሩት ሰዎች የስንብቱን ስም በሁለት ቋንቋ ያውቁታል፤ አስተምረዋቸዋል።

ትምህርትዎን በገንዘብዎ፣ ጊዜዎን በእግርዎ ቆመው ስለሰጡን እጅ ነሥቼ፣ ለጤናዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጠረጴዛዎም ተጨማሪ ስፋት እየተመኘሁ፣ በቤተሰብነታችን ጸንቼ የምገኝ፣

ግራሲዬላ ፑሊዶ
አምስተኛ ፎቅ፣ የዴያኒራ ወንበር ከተነሣበት ባዶ ቦታ አጠገብ

ማስታወሻ፦ ከኮርሱ ክፍል በር ጀምሮ በየትኛውም ቋንቋ ያችን ቃል ያለ ሰው ለሁሉም የአይብ ዳቦ እንዲገዛ የደነገጉት እርስዎ ነዎት። ዛሬ በሩ ላይ ቆመው፣ ሁላችን በሰማንበት፣ ብለዋታል። ሰኞ ጠዋት በትኩሱ እንጠብቃለን። ለዴያኒራ ሁለት ያድርጉላት፤ የምታጠባ እናት ይርባታል።