ከኢያ ጓዳ የሚሰማው ውቀጣ

ጊዳን ኩርና፣ ከአባቴ ቤት
ጥቅምት 9 ቀን 2010 እ.ኤ.አ.

ለልጆቼ አባት፣

የአላህ ሰላም ካለህበት የወርቅ ጉድጓድ ድረስ ወርዶ ያግኝህ። እኔ ደህና ነኝ። ልጁም ይበላል፣ ይራመዳል። ከአባቴ ቤት እንደምጽፍልህ ስታይ እንዳትቆጣ፤ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ትንሿን ልጃችንን ላንታናን ቀብረን አንተ ከሄድክ በኋላ መንደሩ ጭጭ አለ። ዳክዬዎቹ ኩሬው ዳር እየተሽከረከሩ ወደቁ። ቀጥሎ የጎረቤት ሕፃናት። ውሃ ስንቀዳ አንዳችን የሌላዋን ጀርባ እናያለን፤ ትናንት የታዘለው ልጅ ዛሬ የለም፤ የሚጠይቅ ግን የለም። እናትህ ኢያ «የወርቁ ጂን ነው፤ ድርሻውን እየወሰደ ነው» አሉኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በኩራችን እየሳቀ ሳለ ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። አንገቱ ወደ ኋላ ተቆለመመ፣ ዓይኑ ነጣ። አዝዬው ወደ ሕክምና ድንኳኑ ሮጥኩ። ነርስ ዋሲላ ደሙን ቀድታ አስመረመረችና «የእርሳስ መርዝ ነው» አለችኝ። «ወርቁ ካለበት ድንጋይ ጋር አብሮ ይወጣል። ስትወቅጡት አቧራው ግቢውን ይሞላዋል፤ ልጁ እጁን ሲልስ ሆዱ ይገባል።»

«ደግሞ ድንጋይ ልጅ ውስጥ ይገባል?» ብዬ ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም።

«ስሙ ማነው?»

በወጋችን የበኩር ስም በእናቱ አፍ እንደማይጠራ ታውቃለህ። ያኔ እንደገና ያንቀጠቅጠው ጀመር። «ታኒሙ! ታኒሙ!» ብዬ ጮህኩ፤ ድንኳኑን የሞላው ሴት ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሱ ብቻ አልዞረም። ከዚያን ቀን ወዲህ ጆሮው አይሰማም።

መድኃኒቱን ዋሲላ አጥሚት ላይ ትነሰንስለታለች። የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ላቡም ትንፋሹም እንደዚያው ሸተተ። «እርሳሱን ከደሙ እየለቀመ በሽንቱ ያስወጣዋል፤ ሽታውን ቻይው» አለችኝ። ያ ሁሉ ሕፃን ተኝቶ የሚያለቅስ አልነበረም። ዓይናቸውን እንደከፈቱ ሁሉም የድንኳኑን አንድ ጥግ ያያሉ። ምን እንዳለ ብዬ እኔም አየሁ፤ ምንም የለም። ሁለተኛ ወደዚያ አላየሁም።

ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። ወደ ቤት መመለስ የተፈቀደልን ግን ግቢያችን ከተጠረገ በኋላ ነው። አፋቸውን የሸፈኑ ሰዎች መጥተው አፈሩን ልጠው ጭነው ሄዱ፤ ላንታና የዳኸችበትን ሁሉ። በቦታው ቀይ አዲስ አፈር ደለደሉ። «ድንጋይ ተመልሶ እዚህ ግቢ ከገባ መድኃኒቱ ከንቱ ነው» አለች ዋሲላ። «ሁለተኛ ይተርፋል ብዬ ቃል አልገባልሽም።»

ብዙም ሳይቆይ ከኢያ ጓዳ የሙቀጫ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። ማሽላ ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ቀትር ላይ ግን ታኒሙ ከተኛበት ተነሳና ጉንጩን መሬት ላይ ለጠፈ። የማይሰማው ልጅ ያደምጥ ነበር። እኔ ማሽላ ስወቅጥ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄዶ ኢያ በር ላይ ቆመና ጣቱን ቀሰረ።

መጋረጃውን ገለጥኩ። ኢያ ፊታቸው፣ ሽፋሽፍታቸው፣ ክንዳቸው ግራጫ አቧራ ለብሶ፣ ከመቃብር የተነሱ መስለው ተቀምጠዋል። ድምፁ እንዳይወጣ ሙቀጫውን በጨርቅ ጠቅልለውታል።

«ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ? ልጄ ትቶት የሄደው ድንጋይ ነው። እስኪመለስ ምን እንብላ ታዲያ?»

«ኢያ፣ ልጁን እኮ ይገድሉታል!»

«አንቺ ደግሞ መርፌ ካየሽ ወዲህ ሐኪም ሆነሽ አረፍሽው! አፈሩ ተቀይሯል አይደል እንዴ? ና የኔ ጌታ፣ ና ልቀፍህ» ብለው ያን ግራጫ እጃቸውን ዘረጉለት። ልጁ የኋሊት እየሄደ መጥቶ እግሬ ላይ ተጣበቀ።

በለበስነው ልብስ ወጣን። እዚህ ስደርስ የለበስነውንም አቃጠልኩት። ድንኳኑ ወስጄው ዋሲላ ደሙን አስመርምራ መድኃኒቱን እንደገና ጀምራለታለች።

እናትህን ክፉ አልተናገርኩም፤ ረሃብ አስፈርቷቸው ነው። ግን ወደዚያ ቤት አልመለስም። ስትመጣ በቅድሚያ ወንዝ ውረድና ታጠብ፤ የሥራ ልብስህን እዚያው ጣለው። ነውር ነው አትበለኝ፤ ከአባቴ በር ላይ ቆሜ ጥፍርህን አገላብጬ ሳላይ አላስገባህም። ይህን ሁሉ ለታኒሙ ብቻ ብዬ የማደርገው እንዳይመስልህ። ቀሚሴ ሆዴ ላይ እየጠበበኝ ነው።

አላህ ከሚናድ ጉድጓድ ይሰውርህ፤ ባዶ እጅህን በደህና ያምጣልኝ።

ታላቱ