በሁዳዴ የተጠየቀ ገመና

እኔ የምወቅሰው ደግሰውን ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርሽና ሰላምታው ይከተል።

ውድ እህቴ ባንቺ፣ እዚያ ባሕር ማዶ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽ እንቅልፍ ይሰጡሻል ወይ? እኔ ጉልበቴ ደክሟል እንጂ ለክፉ አይሰጥም። ፊደል የያዝኩት በስተርጅና ነውና ጽሕፈቴን ታግሠሽ አንብቢው። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስንደዋወል ልጅሽ ዝናሽ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ነው። እሷም ንገሪያት፣ እናቴ ስታለቅስ ግን አልስማ ብላኛለች።

ደግሰው ከከተማ እየመጣ ለጥናት ሴቶችን ስለ አባላዘር በሽታ የሚጠይቅ ሰው ነው። እዚህ ብዙዎቹ ከአገራችን ቋንቋ ከኽምጣና ሌላ ስለማይሰሙ እኔን አስተርጓሚ አደረገኝ። እማማ፣ እርስዎን ያላመነ ማንን ያምናል አለኝ። ጊዜው የሁዳዴ አጋማሽ ነበር። ጥያቄው ደግሞ ባለፈው አንድ ወር ከወንድ ጋር ተኝተሻል ወይ ይላል። ፋሲካ ይለፍ፣ አሁን አዎ ያለች ጾም መግደፏን መናገሯ ነው ብዬ ብነግረው፣ ቀኑ ተቆርጦ የተሰጠኝ ነው ብሎ ሳቀ። ያውም የግማሾቹ ልጆች ክርስትና እናት እኔ ነኝ! ሠላሳ አራት ሴቶች ተጠየቁ፤ ሠላሳ አራቱም አልተኛሁም፣ አያመኝም አሉ። በጥር የተዳረችው ሸጌ እንኳ ባሌን አላውቀውም ለማለት ምንም አልቀራት።

ዝናሽም አንዷ ነበረች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ባሏ ካሤ ከሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ ያመጣባት ቁስልም ነበራት። ምልክት አለኝ የምትል ብትገኝ ወረቀት ተሰጥቷት ሰቆጣ ትመረመር ነበር። እኔ ግን ያሳደግኋትን ልጅ ስለ ብልቷ መጠየቅ አፍሬ፣ አንዳች የሚያምሽ ነገር አለ ወይ ብዬ አለዘብኩት። አንገቷን ደፍታ የለም አለች። ደግሰውም የለም ብሎ ጻፈ።

ግንቦት ላይ ልጁ ሞቶ ተወለደ።

በሰኔ ሌሎች ጠያቂዎች መጡ። እነዚህ አስተርጓሚ አልፈለጉም። ጥያቄው በኽምጣና ተቀድቶ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፤ ሴትዮዋ ብቻዋን ተቀምጣ ለአዎ አረንጓዴውን፣ ለአይደለም ቀዩን ትነካለች። እኔን ከግቢው አስወጡኝ፤ ከፋኝ፣ አልዋሽሽም። ከእነዚያው ሴቶች አሥራ አንዱ ሕመም አለን ብለዋል ተባለ። ዝናሽ ነክታ ስትጨርስ አብራቸው የመጣችውን ነርስ ጠርታ ደሟን ሰጠች። ቂጥኝ ነው፣ ልጁንም የገደለው እሱ ሳይሆን አይቀርም አሏት። እሷም ካሤም መርፌውን ጨርሰዋል፤ አሁን ደህና ናት፣ አትስጊ። ምነው ያኔ ዝም አልሽ ብላት፣ የጠየቅሽኝ እኮ አንቺ ነበርሽ አለችኝ።

ወንድማችን ሀይሉ ናፍቆቱን አድርሺልኝ ብሏል። ዝናሽ ጉልበትሽን ትስማለች። ካሤ ስሜን አታንሺ ቢለኝም አነሣሁት፤ እሱም ሰላም ይልሻል። አብራሽ ለምትሠራው ለሶስና ሰላምታዬን ንገሪልኝ።

ደግሰው ሰሞኑን ሌላ ጥናት አለ፣ ይዘጋጁ ብሎ ልኮብኝ ነበር። የመለስኩለትን አንቺም እወቂው፦ ከእንግዲህ ሴት ገመናዋን ስትጠየቅ መካከል አልቀመጥም።

እህትሽ ወለተሥላሴ
ሰቆጣ ዙሪያ፣ ነሐሴ ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.