ቃሬዛ አልለቅም ያሉት የመምህር ላቀው ወልደ ገብርኤል የሕይወት ታሪክ

መምህር ላቀው ወልደ ገብርኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ገብርኤል ደስታው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበባ ዋሴ፣ ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ በጥቅምት ወር 1959 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ፤ እኛ ታናናሾቻቸው ትእዛዝ ስንቀበል ነው ያደግነው። እሳቸው ግን የማንንም ትእዛዝ ሲቀበሉ አላየንም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዳባት፣ ሁለተኛ ደረጃን በደባርቅ አጠናቅቀው በጎንደር የመምህርነት ሥልጠና ከወሰዱ በኋላ በ1979 ዓ.ም. የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኑ። በመካነ ብርሃንና በአምባ ጊዮርጊስ፣ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮም በደባርቅ አስተምረዋል። ተማሪ እግሩን ወለም ካለው ከሜዳ አስወጥተው፣ እግሩን ከፍ አድርገው አስተኝተው፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ ያስሩለትና “ሳይሻልህ ኳስ ስትነካ ባይህ ወላጅ አስጠራለሁ” ይሉት ነበር። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ ወላጅ አምጥታችኋል።

በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ደብረወርቅ ሀብተ ሚካኤል ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሴት ልጃቸውን እየሩስን፣ ወንድ ልጃቸውን ፀጋውን አፍርተዋል።

በ2011 ዓ.ም. መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ባደረጉት የእግር ኳስ ግጥሚያ ላይ አንድ እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው ሲዞሩ ጉልበታቸው “ጧ” ሲል ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ። እሳቸው አልሰማሁም ብለው ጨዋታውን ጨረሱ። በማግሥቱ ጉልበታቸው ቅል አከለ። ወጌሻ ተጠርቶ አሸው፣ ጎተተው። አጥንት ባልወለቀበት መጎተቱ ምን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ ያስረዳን የለም፤ እብጠቱ ግን ባሰበት። በስንት ልመና ጎንደር ወርደው ሲመረመሩ፣ ጭንና ቅልጥምን ጉልበት ውስጥ አያይዞ የሚይዘው የፊተኛው ጅማት ተበጥሶ ተገኘ። ሐኪሙ ወይ ቀዶ ሕክምና ያድርጉ፣ አለዚያ ለወራት የጭንዎን ጡንቻ በእንቅስቃሴ ያጠንክሩ፣ ሸክምና ቁልቁለትም ይተዉ አላቸው። ሁለተኛውን መረጡ። መረጡ የምንለው በአፋቸው ነው።

እብጠቱ ሲጎድልና ሕመሙ ሲተዋቸው ድኛለሁ ብለው እንቅስቃሴውን አቆሙ። ጅማቱ ግን እንደተበጠሰ ነበር። እንዲህ ያለ ጉልበት ሜዳ ላይ ደህና መስሎ ይከርምና ቁልቁለት ላይ ሳይታሰብ ይከዳል፤ በከዳ ቁጥርም ሌላውን የጉልበት ክፍል ይጎዳል። ይህንን ስንት ጊዜ ነገርናቸው፤ አፋችን ደከመ።

በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያኑ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው፤ አስከሬን በትከሻ ይወርዳል። ወንድ ሆኖ ቃሬዛ ሳይሸከሙ ከቀብር መመለስ እንደ ነውር ይታያል። የእድሩ ሰብሳቢ መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ “መምህር፣ እርስዎ ከሸክም ነፃ ነዎት፤ የካህናቱን ጥላ ይያዙልን” ብለው በጉባኤ አስወሰኑ። መምህር ላቀውም ጥላውን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ትከሻቸው ከቃሬዛው ሥር ገቡ። ወይዘሮ ደብረወርቅ “ለሞተ ሰው ያንተ ጉልበት ምን ያደርግለታል፣ ለእኛ አስቀርልን እንጂ” ብለው ቢለምኑ ሰሚ አላገኙም።

የሚያናድደው አለማወቃቸው ቢሆን ጥሩ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ፀጋው ኳስ ሲጫወት ያው ጅማት ሲበጠስበት ወጌሻ ደጅ አላደረሱትም። በዕለቱ ጎንደር አወረዱት፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.ም አዲስ አበባ ድረስ ወስደው ቀዶ ሕክምና አስደረጉለት። በየማለዳው አጠገቡ ቁጭ ብለው እንቅስቃሴውን ያሠሩት ነበር፤ ሲሰንፍ “የተተካልህ ጅማት ገና አልያዘም፤ ዓመት ሳይሞላህ ሸክም የሚባል አይታሰብም” ብለው ይቆጡታል። ከዚያ ተነሥተው ቀብር ይሄዳሉ።

ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጎረቤታቸውን አቶ ፍቅረ ሥላሴን ሲሸኙ፣ ከቃሬዛው ፊት እንደሆኑ ቁልቁለቱ ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው። ቃሬዛውን ሌሎች ደረሱለት፤ እሳቸው ድንጋይ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። በጎንደር ተኝተው ሲታከሙ ቆይተው፣ እግራቸው ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባቸው በመሄዱ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩን። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኛን ወንድምና እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። በጣም ተናደንባቸዋል፤ በጣምም እንወዳቸዋለን።

በመጨረሻው ሰሞን ለባለቤታቸው የተናዘዙት አንድ ቃል ነው፤ “ፀጋው እንዳይሸከመኝ።” ፀጋው ደግሞ ከትናንት ጀምሮ “ሌላ ሰው አባቴን ሲሸከም ቆሜ አላይም” እያለ ሲያለቅስ አድሯል። እንግዲህ ቤተሰቡ ቆርጧል። ፀጋው በመኪና መንገድ ዞሮ ይወርዳል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወንበር ተዘጋጅቶለታል፤ ተቀምጦ አባቱን ይቀበላል። ማንም በክፉ ዓይን እንዳያየው። ከቃሬዛው ፊት በእሱ ቦታ እህቱ እየሩስ ትገባለች። ሴት ቃሬዛ አትሸከምም የምትሉ ካላችሁ መንገድ ልቀቁላት፤ ሁለቱም ጉልበቶቿ ጤነኛ ናቸው።

አምላከ ቅዱሳን የወንድማችንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ እዚያ እንኳ ይቀመጡ። አሜን።

ታናሽ እህታቸው የትናየት ወልደ ገብርኤል