የካርዳኑ ሽፋንና የባለቤቴ እጅጌ

ለእርሻ መሣሪያዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብና አንድ እጅጌ ስለ መመለስ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከወንበርዎ ጀርባ ያለው ባለ መስታወት ቁም ሳጥንም፣ በውስጡ የሚኖረው ቢጫ ሽፋንም እንደምን ከረማችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴም ሁለት እጅ አለው፤ ስለ ሁለተኛው እጅ በኋላ እመለስበታለሁ።

ማን እንደሆንኩ ረስተውኝ ይሆናል። ባለፈው ዓመት የቢሮዎን መጋረጃ የሰፋሁት፣ ከገበያው ማዶ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ሱቅ የምሠራው ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ የትንሿ ትራክተርዎ ሾፌር ነው። ይህን ደብዳቤ በሱቄ መስታወት ላይ በግልጽ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት አይደለም። ከዚህ በፊት በፖስታ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤትዎ ውስጥ እንቅልፍ ስለ ወሰዳቸው፣ ይህኛው እንኳ ቆሞ ይደር ብዬ ነው።

ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው ነገር በጽሕፈት ቤትዎ አይነበብም ብለውኛልና።

አንደኛ፣ የአፈር ማለስለሻ ስለ ገዙልን ከልብ አመሰግናለሁ። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፦ ይህ መሣሪያ ከትራክተር ኋላ ተጎትቶ ጓሉን በቢላዋዎቹ እየከተከተ ዱቄት የሚያደርግ ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው ከትራክተሯ ጀርባ እየተሽከረከረ በሚመጣ ዘንግ ሲሆን ሾፌሮቹ ካርዳን ይሉታል። የገዙልን ማለስለሻ ግን ለትልልቆቹ የተሠራ ኖሮ፣ የሚያያዝበት ብረት ረጅም ሆነና ከትንሿ ትራክተር ራቅ ብሎ ቆመ፤ ካርዳኑም አንድ ስንዝር ሳይደርስ ቀረ። እኔ ባቅሜ ሰው ሳልለካ ጨርቅ አልቆርጥም፤ ደግሞም ቆሞም ተቀምጦም ነው የምለካው። ነገር ግን እኔ አንድ ሴት እንጂ ስምንት አባላት ያሉት የግዢ ኮሚቴ አይደለሁም፤ ስምንት ሰው ደግሞ አንዲት ሜትር ፍለጋ ሲባዝን ጊዜ ያልፋል።

ሁለተኛ፣ ስንዝሯን ለመሙላት ማራዘሚያ ስላስመጡ አመሰግናለሁ። ማራዘሚያዋ ስንዝር የምታህል ብረት ናት፤ በአንድ ጫፏ ከትራክተሯ ጀርባ የወጣውን ባለ ጥርስ ጫፍ ትውጣለች፣ በሌላው ጫፏ ለካርዳኑ ጥርስ ትሰጣለች። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ዕቃ ናት፤ ስድቤ፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬ እሷን አይመለከትም። የመጣች ቀን ባለቤቴ ቤት ድረስ አምጥቶ በጨርቅ እየወለወለ አሳየኝ፤ ለእኔ ሽቶ ገዝቶ ሲመጣ እንኳ እንደዚያ ፊቱ በርቶ አላየሁትም። አንድ ችግር ብቻ ነበረባት። ትራክተሯ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው መከላከያ የሚሸፍነው የራሷን አጭር ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ ማራዘሚያዋ ስትገባ አንድ ስንዝር የሚሽከረከር ብረት ራቁቱን ወጣ። ሻጩ ግን አስቦ ኖሮ፣ ልኩን የጠበቀ ረጅም ቢጫ ሽፋን አብሮ ልኮ ነበር።

ሦስተኛ፣ ለዚህ ሽፋን ስላደረጉት ጥበቃ ምን ቃል ይበቃኛል! የንብረት ክፍል ኃላፊዎ፣ ሾፌሮቹ በፍቅር አባ ቆልፌ የሚሏቸው ሰው፣ ሽፋኑ ጭቃ እንዳይነካው፣ ፀሐይ እንዳያደበዝዘው፣ በተለይም ካርዳን እንዳይጠጋው ሲሉ በእርስዎ ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። እኔ ራሴ መጋረጃ ልለካ የመጣሁ ጊዜ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በሁለት ዋንጫዎች መካከል፣ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለት ተቀምጧል። እኛ ቤት እንዲህ ተንከባክበን ያስቀመጥነው ዕቃ የለም። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ሊጠይቅ ሄዶ ሦስት ጊዜ «ይበላሽና ማን ሊጠየቅ ነው?» ተብሎ ተመልሷል። የመከላከያ ሥራው ካርዳኑን መሸፈን መስሎት ነበር፤ የጽሕፈት ቤቱ አሠራር ሽፋኑን ከካርዳኑ መከላከል እንደሆነ አልገባውም። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት እንዲህ ያለውን ይሆን?

ሽፋኑ ጭራሽ አልወጣም ማለት ግን ሐሰት ይሆንብኛል። ጎብኚዎች የመጡ ዕለት ወጥቷል፣ ካርዳኑ ላይ ገብቷል፣ እርስዎም መዳፍዎን ጫን አድርገውበት ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ፎቶው ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። በዚያ ቀን ትራክተሯ አልተነሣችም። ጎብኚዎቹ እንደ ሄዱ ሽፋኑ ተወልውሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አራተኛ፣ ማራዘሚያዋን የሚያስራት ቡሎን ከልኩ ሁለት ጣት የረዘመና ወደ ውጭ የቀሰረ ነው። በዚህ አንማረርም፤ ካርዳኑ ያጠረውን በቡሎኑ ክሳችሁናል።

አሁን ወደዚያ ማክሰኞ ልምጣ፤ ይህን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

ጠዋት ባለቤቴ ሊወጣ ሲል የቱታው ቀኝ እጅጌ ትከሻው ላይ ተተርትሮ አየሁ። እኔ የተማሪዎች ዩኒፎርም ለማድረስ እየተጣደፍኩ ነበርና፣ በሩ ላይ እንደቆመ፣ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ፣ በቀጭን የጥጥ ክር ያዝ ያዝ አደረግኩለት። ማታ በደንብ እሰፋዋለሁ ብዬ ላክሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ስሰፋ እንደዚያ ያለ ስፌት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ረፋዱ ላይ የአንዲት አዛውንት ማሳ እያለሰለሰ ሳለ ካርዳኑ አካባቢ የሚያንኳኳ ድምፅ ሰማ። ወርዶ ጎንበስ አለ። ሳያቆመው መጠጋቱ ጥፋት ነው፤ ይህን ከእርስዎ ቀድሜ፣ ከእርስዎም ጮክ ብዬ ነግሬዋለሁ። ነገር ግን ድምፁ የሚሰማው ሲዞር ብቻ ነው፤ ሲያቆሙት እሱም ዝም ይላል። እያዳመጠ እጁን ወደ ድምፁ ሲጠቁም የቡሎኑ ጫፍ እጅጌውን ያዘ። ስንዝር ሲሰጡት ክንድ ያማረው ካርዳንም እጅጌውን ከነክንዱ ወደ ራሱ መጠቅለል ጀመረ፤ ከዚያ ያቺ የጥጥ ክር ተበጠሰች። እጅጌው ከትከሻው ተመዞ ሄደ፤ ባለቤቴ ወደ ኋላ ተወርውሮ ጓሉ ላይ ተቀመጠ።

ቤት ሲገባ ክንዱ ከትከሻው እስከ አንጓው በጋለ ብረት እንደ ተተኮሰ ቀልቶ ነበር። እየሳቀ ነገረኝ። የሰጠሁትን ውኃ ግን አፉን ስቶ ደረቱ ላይ አፈሰሰው። ወዲያው አዛውንቷ እጅጌውን ከካርዳኑ በማጭድ ቆርጠው፣ በዘንቢል ይዘው ተከትለው መጡና «ምነው ልጄ፣ የሰው ሱሪ ስትሰፊ በጥርስ አይፈታም፤ የባልሽ እጅጌ እንዴት በአንድ ነጠቃ ወለቀ?» ሲሉ ቀለዱብኝ። ሳቅሁ። ከዚያ እጅጌውን ከዘንቢሉ አውጥቼ ዘረጋሁት። ያን ዕለት ጠዋት ሥራዬን እንደ ወትሮዬ አጥብቄ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ እኚህ እናት በዘንቢላቸው ይዘውልኝ የሚመጡት ምን እንደነበረ ያሰብኩት ያኔ ነው። እስካሁንም መርፌ ባነሣሁ ቁጥር አስበዋለሁ።

አምስተኛ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የጽሕፈት ቤትዎ አጣሪ ቡድን ግን በማግስቱ ስለ ደረሰ ይህ ተረት እርስዎን አይመለከትም። ቡድኑ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜትር ይዞ መጣ። ማራዘሚያዋን ይለካ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ የባለቤቴን ቱታ ዘርግቶ የጎደለውን እጅጌ ለካ፤ ስድሳ ሁለት ሳንቲሜትር ሆነ። በሳምንቱም በእርስዎ ፊርማ፣ ባለቤቴ የመሥሪያ ቤቱን ቱታ እጅጌ በግዴለሽነት ማጉደሉን የሚገልጽና እጅጌውን በአሥር ቀን ውስጥ ለንብረት ክፍል እንዲመልስ የሚያዝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ስለ ክንዱ በደብዳቤው የተጻፈ ነገር የለም፤ ክንዱ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ባለመሆኑ ቅር አላለንም።

ስድስተኛ፣ በዚያው ሳምንት ለእኔም ደብዳቤ ስለ ላኩልኝ፣ ከሁሉ ይልቅ ስለዚህ አመሰግናለሁ። ትንሿን ትራክተር በተራ ለሚነዱት አራት ሾፌሮች አራት አዲስ ቱታ እንድሰፋ አዘዙኝ። ተመሳሳይ የንብረት ጉዳት እንዳይደገም ጨርቁ ወፍራም ሸራ፣ የእጅጌው ስፌት በናይሎን ክር ድርብ ሆኖ በቀላሉ የማይለቅ ይሁን ይላል ትእዛዙ። ከዚያ ማክሰኞ መሥሪያ ቤትዎ የወሰደው ትምህርት ይህ ነው፤ እጅጌው ቶሎ ለቀቀ!

ክሩ ደረሰኝ። ጥንካሬው ይመሰገናል፤ በእጄ ልበጥሰው ብሞክር ጣቴን ቆረጠኝ እንጂ እሱ አልተበጠሰም። ደሜን እየጠረግኩ ብዙ ተቀመጥኩ። ከአራቱ ሾፌሮች አንዱ ባለቤቴ ነው፤ ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ። የአንዱን የሠርግ ሱፍ ያጠበብኩት እኔ ነኝ፤ የሌላው ልጅ ዩኒፎርም በእኔ ሱቅ ነው በየዓመቱ የሚረዝመው። ስምንት እጅጌ ከፊቴ ተቆርጦ ተዘርግቷል፤ ውስጡ የሚገባውም ስምንት ክንድ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። የሱሪውን፣ የኪሱንና የአንገቱን ስፌት በታዘዝኩት ክር፣ በታዘዝኩት አኳኋን ሰፍቻለሁ፤ ጎትተው ይሞክሩት። ስምንቱን እጅጌ ግን በአንድ ቀጭን የጥጥ ክር ብቻ ያዝ ያዝ አድርጌዋለሁ። ሆን ብዬ ነው። በሙያዬ ያፈርኩበት የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ እንዲያም ሆኖ አልፈታውም። ሽፋኑ ከቁም ሳጥኑ ወጥቶ ካርዳኑ ላይ በገባ ማግስት፣ ቡሎኑም በልኩ በተቆረጠ ማግስት፣ ስምንቱንም እጅጌ በነፃ እንደገና እሰፋለሁ። እስከዚያ ድረስ የመሥሪያ ቤትዎ የአደጋ መከላከያ የእኔ መጥፎ ስፌት መሆኑን እያወቁ ያስተዳድሩ።

ባለቤቴ ይህን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ትራክተሯን ይወዳታል፤ ሥራውንም እንዳያጣ ይሰጋል። እኔም ፈርቻለሁ፤ ሥራውን እንዳያጣም ፈርቻለሁ፣ ሳያጣው ቀርቶ ተራው በሚደርስበት ሰኞ ጠዋት ወደዚያው ካርዳን እንዳይመለስም ፈርቻለሁ። ከሁለቱ ፍርሃት የትኛው እንደሚብስ ያወቅሁት ያን ውኃ ደረቱ ላይ ሲያፈስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበት ጊዜ አልፎናል፤ ሰኞ ግን ገና አልደረሰም፤ የቁም ሳጥኑም ቁልፍ በአባ ቆልፌ ወገብ ላይ ነው።

ለወንበርዎ ጽናትን፣ ለመጋረጃዎ ንጣትን፣ ለሽፋንዎ ጭረት የሌለበት ረጅም ዕድሜን፣ ለእርስዎም ክረምት ከበጋ የማይጎድል ሙሉ አካልን እየተመኘሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የመጋረጃዎ ሰፊ፣ የሾፌርዎ ሚስት

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ከቁም ሳጥኑ ጋር በጋራ
ለግዢ ኮሚቴ፣ ሜትሩን አጣሪ ቡድኑ ሲጨርስበት
በሱቄ ደጃፍ ለሚያልፍ ሁሉ

ማስታወሻ፦ እንዲመለስ ያዘዙትን ስድሳ ሁለት ሳንቲሜትር እጅጌ ታጥቦና ተተኩሶ ከዚህ ደብዳቤ ቅጂ ጋር ወደ ቢሮዎ ልኬያለሁ። ቦታ ካለ ከሽፋኑ ጎን ቢያስቀምጡልኝ ደስ ይለኛል፤ መገናኘት የነበረባቸው ቀደም ብሎ ነበር። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመቆለፉ በፊት እጅዎን እስከ ትከሻዎ ድረስ ወደ እጅጌው ውስጥ አስገብተው፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጠው ይፈርሙልኝ።