ባልዲውን የደፉት ፀጉር ሠሪ

ደንበኞቻቸው «አነፍናፊዋ» እያሉ በፍቅር የሚጠሯቸው ታላቅ እህቴ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻችን የመጀመሪያ ልጅ፣ ለእኔ ደግሞ ሁለተኛ እናት ነበሩ። እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በፀጉር ሥራ ሠልጥነው፣ በ1972 ዓ.ም. በአንድ ስመ ጥር የውበት ሳሎን ተቀጠሩ።

የዚያን ሳሎን ጓዳ እኔም ገብቼ አይቼዋለሁ። ፊት ለፊቱ መስታወትና አበባ ነው። ከኋላ ግን የሳሎኑ ባለቤት ከየብልቃጡ የተፋቀ አሮጌ ቅባት፣ ስሙ የማይታወቅ ነጭ ዱቄትና ሽቶ በወለል መወልወያ ባልዲ ያስበጠብጡ ነበር። ዝንብ ከገባበት በጣት ይወጣል። ከዚያ በብልቃጥ ተሞልቶ ቅጠል የተሳለበት ወረቀት ይለጠፍበትና «ፊት የሚያቀላ፣ ከተፈጥሮ የተዘጋጀ» ተብሎ ይቸበቸባል። እህቴ ምን እንዳለበት ደጋግመው ቢጠይቁ፣ መልሱ «አንቺ ማበጠሪያሽን ያዢ» ነበር።

በ1978 ዓ.ም. እኔ ልዳር ስል፣ አማቴ ሊሆኑ የነበሩት ወይዘሮ «ልጅቷ ደርባባ ናት፤ ትንሽ ቅላት ብቻ ጎደላት» ብለው ከዚያው ቅባት ገዝተው ላኩልኝ። ፊቴ አበጠ፤ ጉንጬ ውሃ ቋጥሮ እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠ። እህቴ ቀርበው እንዳሸተቱኝ ቅባቱን አወቁት፤ የበጠበጡት እርሳቸው ነበሩና።

በማግስቱ ሳሎኑ በደንበኛ እንደተሞላ፣ ባልዲውን አውጥተው መሐል ወለሉ ላይ ደፉት።

«አብደሻል? ቆዳ ካልተላጠ ይታደሳል እንዴ!» ብለው ባለቤቷ ጮኹ።

«እንግዲያው እርስዎ ይቀቡት» አሏቸው እህቴ።

ባለቤቷ ጫማቸውን እንኳ እንዳይነካቸው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እህቴ ከሥራ ተባረሩ። የእኔም ጋብቻ «ፊቷ ተበላሸ» ተብሎ ፈረሰ፤ ይህን ያሉት እነዚያው ወይዘሮ ናቸው። እግዜር ይይላቸው።

እህቴ በወላጆቻችን ቤት የፊት ክፍል የራሳቸውን ሥራ ጀመሩ። የጉሎ ዘይት፣ እሬት፣ ማር፤ የሚቀቡትን ሁሉ አስቀድመው አሽትተው ለደንበኛዋ በስሙ ይነግሯታል። አዲስ ነገር ሲሆን መጀመሪያ ክንዷ ላይ ሞክረው እስከ ማግስቱ ያስጠብቋታል። ሎሚ ጨምቃ ፊቷን አቃጥላ የመጣችን ወጣት «ከዛፍ የወረደ ሁሉ ለፊት ነው ያለሽ ማነው?» ብለው ተቆጥተው፣ ቁስሏን ግን ራሳቸው ሐኪም ዘንድ ወስደው አሳክመዋል።

በ1981 ዓ.ም. የፀጉር ማድረቂያቸውን ሊጠግኑ መጥተው በዚያው ከቀሩት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ትዳር መሥርተው፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በመጨረሻ ዓመታቸው ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሞች ምክንያቱን በእርግጠኝነት አልነገሩንም፤ እኔ ግን የዚያን ጓዳ አየር አውቀዋለሁ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። «ሽቶ እንዳታርከፈክፉብኝ» ባሉት መሠረት ሴት ልጆቻቸው በንጹሕ ውሃ ብቻ አጥበዋቸዋል።

ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ይህን የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው በሐዘን ቀርተናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደረት ሞልቶ በሚተነፈስበት ሥፍራ ያኑርልን።