ዳባት ድረስ ያዳመጥኩት ማርሚታ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፪

ልጄ ሙላት የሚኒባሱን ድምፅ የሚቀንሰውን ማርሚታ አውልቆ ሰፊ ቱቦ ያስገጠመው፣ ሊማሊሞን ሲወጣ ጉልበት እንዲያገኝ ብሎ ነበር። ጉልበቱንስ አገኘ። ነገር ግን መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ውስጡ ያጓራ ጀመር፤ ተሳፋሪውም ራሴን አመመኝ እያለ ወደ ሌላ መኪና ሸሸ። ዛሬ ቱቦውን የገጠመለት በያጅ ድምፅ ማፈኛ ጨምሮለት ሲጨርስ፣ ሙላት ሊያስፈትሸው ወደ እኔ መጣ።

«እማዬ፣ አንቺ ካሳለፍሽው ከእንግዲህ ማንም አይማረርብኝም» አለኝ።

ጩኸቱ የሚብሰው ከኋላ ስለሆነ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ደባርቅን ስንወጣ፣ ድሮ መምህራችን ሲያነቡልን ያስጨፍኑን እንደነበረው፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ።

ከዚያ የልጅነት መንደሬ ጊች ነበርኩ። አባቴ በቅሎ ላይ አፈናጦኝ በገብሱ መካከል እናልፋለን። ጉሙ ከእግራችን በታች ተኝቷል። የበቅሎዋ ኮቴ እንኳ አይሰማም።

«እማዬ፣ ዳባት ገባን እኮ! ጩኸቱስ?»

«የምን ጩኸት?»

«የመኪናው ነዋ! ያንቺንማ መንገዱን ሙሉ እየሰማሁት መጣሁ። ማርሚታስ የሚያስፈልገው ላንቺ ነው።»

እኔ አንኮራፍቼ አላውቅም። ያልሰማሁትንም አልመሰክርም፤ ነገ እንደገና ይፈተሽ አልኩት። እየሳቀ እሺ አለኝ።

ማፈኛው መሥራቱን እንቅልፌ እንደመሰከረ አላጣሁትም። ብቻ ከአባቴ ጋር ገና ከገብሱ ማዶ አልደረስንም ነበር...